ሩማቶይድ አርትራይተስ እና ድካም፦ ከደሴና ኮምቦልቻ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በሽታው ተነግሯቸው ክትትል ላይ ያሉ ሰዎችና ቤተሰቦቻቸው ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። መልሶቹ ሐኪማችሁን አይተኩም፤ ሐኪሙ ፊት ስትቀመጡ ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ግን ያግዟችኋል።

የሚያመኝ እጄና ጉልበቴ ነው። ታዲያ ሰውነቴ በሙሉ ለምን ይዝላል?

በሽታው የመገጣጠሚያ ብቻ ስላልሆነ ነው። ሰውነትን ከተውሳክ የሚጠብቀው የመከላከያ ኃይል ተሳስቶ የመገጣጠሚያን የውስጥ ሽፋን ያጠቃል። በዚህ ጊዜ የሚመነጩት ኬሚካሎች እዚያው አይቀሩም። በደም ተሸክመው መላ ሰውነትን ያዳርሳሉ። አእምሮ ላይም ይሠራሉ። ከባድ ጉንፋን ወይም ወባ ሲይዘን ከአልጋ መነሳት የሚያቅተን በእነዚሁ ኬሚካሎች ነው። ልዩነቱ ጉንፋን በሳምንት ይለቃል፤ ይሄ ግን ብግነቱ (መገጣጠሚያውን የሚያሳብጠውና የሚያሞቀው ቁጣ) እስካልበረደ ድረስ ይቀጥላል።

በዚህ ላይ ሕመሙ ሌሊት እንቅልፍ ይነሳል። በሽታው ራሱ የደም ማነስ ሊያመጣ ይችላል። ሰው ሲያመው መንቀሳቀስ ይቀንሳል፣ ጡንቻውም ይሟሽሻል። ከዚያ ትንሿ ሥራም ትከብዳለች። ከታማሚዎች ውስጥ ከ40 እስከ 80 በመቶ የሚሆኑት ይህ ድካም አለባቸው። ብዙዎቹ ከሕመሙ ይልቅ የሚያማርራቸው እሱ ነው። ስለዚህ «እኔ ብቻ ነኝ ወይ?» ብላችሁ አትጨነቁ። ስንፍናም አይደለም።

ሐኪሙ «ሩማቶይድ» አለኝ፤ ጎረቤት ግን «ሪህ ነው፣ ሥጋ ተዪ» ይለኛል። ማንን ልስማ?

ሐኪሙን። ሰፈር ውስጥ አንድ ላይ የሚደባለቁ ሦስት የተለያዩ በሽታዎች አሉ። አንደኛው በደም ውስጥ ዩሪክ አሲድ በዝቶ የሚመጣው ሪህ ነው። ብዙ ጊዜ በእግር አውራ ጣት ይጀምራል። ሌሊት ድንገት ይነሳል። ሥጋና መጠጥ ቀንሱ የሚባለው ለእሱ ነው። ሁለተኛው በልጅነት ከጉሮሮ ሕመም በኋላ የሚከተልና የልብን ቫልቭ የሚጎዳው ሩማቲክ ፊቨር ነው። በየሦስትና አራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ የሚታዘዘው ለእሱ ነው። ሦስተኛው የእኛው ሩማቶይድ ነው። የሁለቱንም እጅ ጣቶችና አንጓዎች ያሳብጣል። ጠዋት ላይ አንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይገትራል።

ይህን የምለው ድካሙ ስለሚያሳስበኝ ነው። «ሪህ ነው» ተብለው ሥጋ፣ እንቁላልና ምስር የተዉ ሰዎች አሉ። ደማቸው ይበልጥ ያንስና ጭራሽ መራመድ ያቅታቸዋል። ሌላ ችግር ከሌለባችሁ ሩማቶይድ አርትራይተስ ሥጋ አያስከለክልም።

ጠዋት ጠዋት ለምን ይብስብኛል?

ብግነቱን የሚያቀጣጥሉት ኬሚካሎች ወደ ንጋት ላይ ከፍ ስለሚሉ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሳይንቀሳቀስ ያደረ መገጣጠሚያም ይገተራል። በደሴ ብርድ ደግሞ ከብርድ ልብሱ መውጣት በራሱ ፈተና ነው።

የሚረዳው ቀስ ብሎ መጀመር ነው። ማታ ፔርሙዝ ውስጥ ሙቅ ውኃ ሞልታችሁ እደሩ። ጠዋት እሳት ሳታነዱ እጃችሁን ትዘፈዝፉበታላችሁ። ከመነሳታችሁ በፊት እዚያው አልጋው ውስጥ ጣቶቻችሁን፣ ቁርጭምጭሚታችሁን፣ ጉልበታችሁን እጠፉ፣ ዘርጉ። ቀጠሮም ሆነ ከባድ ሥራ ከተቻለ ከረፋዱ በኋላ አድርጉት።

ደሴ ትበርዳለች። ኮምቦልቻ ብወርድ ይሻለኛል?

ይህ ከሁሉም በላይ የሚጠየቅ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ገደማ። በሀረጎ ጠመዝማዛ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሲወረድ አየሩ እንደሚለወጥ ሁላችንም እናውቃለን። ብዙ ታማሚ በብርድ ጊዜ መገተሩና ሕመሙ እንደሚበረታበት ይናገራል፤ ሙቀትም ያፍታታል። ግን ብርዱ በሽታውን አላመጣውም። መገጣጠሚያውን የሚያበላሸውም እሱ አይደለም። ሙቅ አገር የሚኖሩ ሰዎችም ይታመማሉ፣ ይደክማቸዋልም።

ስለዚህ ቤት ሸጣችሁ፣ ዘመድና ጎረቤት ትታችሁ አትውረዱ። ክረምቱን ኮምቦልቻ እህት ጋ ማሳለፍ ከቻላችሁ እሰየው፤ ምቾት ነው። ያንን ገንዘብ ግን ለመድኃኒትና ለምርመራ ብታውሉት የበለጠ ይጠቅማችኋል። ደሴ ውስጥ ለድካም ከብርዱ ይልቅ ዳገቱ የሚከብድ ይመስለኛል። ቤታችሁ ወደ ጦሳ ሥር ከሆነ ስትወርዱ በእግር፣ ስትመለሱ በባጃጅ አድርጉት። በባጃጇ ሒሳብ ለማታ የሚተርፍ ጉልበት ትገዛላችሁ።

ሐኪሙን ምን ምርመራ ልጠይቀው?

ድካም ሁሉ ከሩማቶይድ አይደለም። ሊታከም የሚችል ሌላ ምክንያት ተደብቆ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ሙሉ የደም ቆጠራ፦ የደም ማነስ መኖር አለመኖሩን ያሳያል። የደም ማነስ ካለ ከበሽታው ነው ወይስ ከብረት ማነስ የሚለው መለየት አለበት፤ ሕክምናው ይለያያል። ለረጅም ጊዜ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን የሚባሉትን የሕመም ማስታገሻዎች የወሰደ ሰው ከጨጓራው ቀስ በቀስ ደም እየፈሰሰው ሊሆን ይችላል። ሰገራችሁ እንደ ቅጥራን ከጠቆረ ሳትውሉ ሳታድሩ ተናገሩ። ከዚያ የታይሮይድ፣ የስኳር፣ የኩላሊትና የጉበት ምርመራ ይከተላል። ኢኤስአር ወይም ሲአርፒ የሚባለው የደም ምርመራ ደግሞ ብግነቱ ምን ያህል እንደሆነ ይጠቁማል።

ቀጠሮው አጭር ነው። ሰልፉም ረጅም ነው። የመገጣጠሚያ ልዩ ሐኪሞች በአገራችን በጣም ጥቂት ስለሆኑ አብዛኞቻችን የምንታየው በውስጥ ደዌ ሐኪም ነው። ስለዚህ «ደከመኝ» ብላችሁ ብቻ አትውጡ። «ከምሳ በኋላ ሳልተኛ መቆም አልችልም፣ ከሁለት ወር ወዲህ ልብስ ማጠብ አቁሜያለሁ» በሉ። እንዲህ ያለውን ሐኪሙ ካርዱ ላይ ይጽፈዋል። የጤና መድን አባል ከሆናችሁ ደግሞ ከቀጠሮው በፊት መታደሱን አረጋግጡ።

ሜቶትሬክሴት በዋጥኩ ማግስት አልጋ ላይ ነው የምውለው። ላቁመው?

በራሳችሁ አታቁሙት፤ ብግነቱን ከሥሩ የሚያበርደው ዋናው መድኃኒት ነው። የማግስቱ መዛልና ማቅለሽለሽ የታወቀ ነው፤ የሚቀንስበት መንገድም አለ። አንደኛ፣ ፎሊክ አሲድ የሚባለው ቫይታሚን ታዝዞላችሁ እንደሆነ አረጋግጡ፤ ካልታዘዘ ጠይቁ። ሁለተኛ፣ ከእራት በኋላ፣ ማግስቱ እረፍት በሆነበት ቀን ዋጡት። እሁድ የማይሠራ ሰው ቅዳሜ ማታ ቢወስደው ድካሙ ተኝቶበት ያልፋል። ይህም አልሆን ካለ ሐኪሙ መጠኑን ሊቀይር ወይም ወደ መርፌ ሊያዞር ይችላል።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ሜቶትሬክሴት ለዚህ በሽታ የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። በስህተት በየቀኑ ወስደው የሞቱ ሰዎች አሉ። ቀኑን በአማርኛ ካርቶኑ ላይ ጻፉት። በቤት ውስጥ ለሌላ ሰውም ንገሩ። አረቄና ጠላ ከእሱ ጋር ጉበት ይጎዳሉ። ማርገዝ ያሰበች ሴት ደግሞ ወራት ቀድማ ሐኪሟን ማማከር አለባት፤ መድኃኒቱ ፅንስ ይጎዳል።

ቶሎም አትጠብቁ። ለውጡ የሚታየው ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በሦስተኛው ሳምንት «አልሠራም» ብለው የሚጥሉት ሰዎች ያሳዝኑኛል፤ ከድካም ሊያወጣቸው የነበረው ትልቁ ነገር እሱ ነበር።

ፕሬድኒሶሎን ስወስድ እንደ ድሮዬ እሆናለሁ። ለምን አልቀጥለውም?

እውነት ነው፣ በቀናት ውስጥ ያበረታል። ብግነቱን በፍጥነት ያበርዳል። ግን በሽታውን ለረጅም ጊዜ እንዲይዝ ብቻውን የሚሰጥ አይደለም። ለወራትና ለዓመታት ሲወሰድ አጥንት ያሳሳል፣ ስኳርና ደም ግፊት ያመጣል፣ ለተላላፊ በሽታ ያጋልጣል። ጡንቻንም ያደክማል። ማታ ከተወሰደ እንቅልፍ ይከለክላል፤ ስለዚህ ጠዋት ከቁርስ ጋር ይሁን።

ሌላው አደጋ በድንገት ማቆም ነው። ለሳምንታት የወሰደ ሰው ባንዴ ሲያቆም ሰውነቱ የራሱን ኮርቲዞል (ከመድኃኒቱ ጋር የሚመሳሰል የሰውነት ሆርሞን) ማምረት ረስቶ ይቆያል። ከባድ ድካም፣ ማዞር፣ ማስመለስ ይመጣል፤ ሕይወትም ሊያሳጣ ይችላል። የሚቀነሰው ቀስ በቀስ፣ ሐኪም በሚያዘው መሠረት ነው። ያለ ማዘዣ «የቁርጥማት መርፌ» እየተባለ የሚወጋውም ብዙ ጊዜ ዴክሳሜታሶን (የፕሬድኒሶሎን ዘመድ) ወይም ዳይክሎፌናክ ነው። ሁለት ቀን ያስደስታል። በሽታው ግን ከሥር መገጣጠሚያውን እየበላ ነው።

እንጀራው፣ ውኃው፣ ልብሱ ሁሉ በእኔ ላይ ነው። እንዴት ልቻለው?

ከዚህ ጥያቄ በስተጀርባ ያለውን ሸክም አውቀዋለሁ። «እረፉ» ብሎ ማለፍ ፌዝ ይሆናል። ስለዚህ ወደ ሥራው እንግባ።

ብዙዎቻችን የምንወድቀው ደህና ቀን ስናገኝ ነው። «ዛሬ ተሽሎኛል» እንልና የሳምንቱን ልብስ አጥበን፣ ጋግረን፣ ገበያ ወጥተን እንመለሳለን። ከዚያ ሁለት ቀን አልጋ ነው። መላው በደህናውም በመጥፎውም ቀን ተመጣጣኝ ሥራ መሥራት ነው። የምትጋግሩበት ቀን ልብስ አይታጠብ። ሰኞ ገበያ የምትወጡ ከሆነ የዚያን ቀን ወጡ ከትናንት የተረፈ ይሁን። ሳይደክማችሁ እረፉ። ግማሽ ሰዓት ሠርታችሁ አሥር ደቂቃ መቀመጥ፣ ሁለት ሰዓት ተንገታግቶ ከመውደቅ ይሻላል።

ምጣዱን ቁጭ ብላችሁ በምትደርሱበት ከፍታ ላይ አስቀምጡት። ሊጡን ከትልቁ ባልዲ በትንሽ በትንሹ ቀንሱ። ሃያ ሊትሩን ጀሪካን ተዉት፤ አምስት ሊትሩን ያዙ፣ በጣት ሳይሆን በክንድ አቅፋችሁ። ቡና መውቀጥ ለጎረምሳው ይሁን፣ ወይም የተፈጨ ይገዛ። ድስት ሁለት ጆሮ ያለው ይሻላል፤ በሁለት መዳፍ ይነሳል። ጨርቅ መጭመቅ አንጓን በጣም ይጎዳል። ብርድ ልብስና ጋቢ ሌላ ሰው ይጭመቀው፤ ሰው ከጠፋ ሳይጨመቅ ይሰጣ፣ ውኃው ራሱ ይንጠባጠባል።

ቅሬና እድር ላይም ሥራ መቀየር ይቻላል። እንጨትና ውኃ ከመሸከም ይልቅ መዝገብ መያዝ ወይም እንግዳ ማስተናገድ አለ። አስቀድማችሁ ለሰብሳቢው ንገሩ። ሶላት ላይ መስገድና መነሳት የሚከብዳችሁ ወንበር ላይ ተቀምጦ መስገድ ለታመመ ሰው የተፈቀደ ነው። ቅዳሴም ተቀምጦ ይሰማል።

ደክሞኝ ሳለ እንዴት «ተንቀሳቀሽ» ይሉኛል?

ስሜቱ ይገባኛል። ግን ለዚህ ድካም ከመድኃኒት ውጪ በደንብ ከተጠኑትና ከሚረዱት ነገሮች አንዱ እንቅስቃሴ ነው። ከባድ አይደለም። አሥር ደቂቃ ሜዳ ሜዳውን መራመድ ይበቃል። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ጨምሩ። ከወንበር ሳይደገፉ ተነስቶ መቀመጥ የጭን ጡንቻ ያጠነክራል፤ ዳገት የሚያቀልለውም እሱ ነው።

መገጣጠሚያው አብጦ፣ ሞቆ፣ ቀልቶ ባለበት ቀን ያንን ክፍል አሳርፉት፤ ሌላውን አንቀሳቅሱ። ከሠራችሁ ከሁለት ሰዓት በኋላም ሕመሙ ከበፊቱ የባሰ ከሆነ በዝቷል ማለት ነው፣ በሚቀጥለው ቀንሱ።

ቡናና ጫት ያነቃኛል። ምን ችግር አለው?

ወሎ ላይ ቡና ተው ማለት ጎረቤት ተው ማለት ነው፤ ያንን አልልም። አቦሉን ጠጡ። ካፌይን ሰውነት ውስጥ ለሰዓታት ስለሚቆይ ግን የማታውን ቡና ብትቀንሱ እንቅልፋችሁ ይመለሳል። የደም ማነስ ካለባችሁ ቡናም ሻይም ከምግብ ጋር አይሁን። ከምግቡ ውስጥ ያለው ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳሉ። አንድ ሰዓት ያህል ጠብቁ።

ጫት ሌላ ነው። ለሰዓታት ያነቃል፣ ከዚያ እንቅልፍ ይነሳል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ማግስቱን ደግሞ ያደቃል። ከዱዓው ጋር መቀመጥ የምትፈልጉ ሰዎች ሳትቅሙ ብትቀመጡ የሚከፋው የለም።

መጾም እችላለሁ?

በረመዳንም ሆነ በዐቢይ ጾም ብዙዎች ይጾማሉ። ሜቶትሬክሴት በሳምንት አንዴ ስለሆነ ካፈጠሩ በኋላ ሊወሰድ ይችላል። ችግሩ በባዶ ሆድ የሚወሰድ የሕመም ማስታገሻ ነው፤ ጨጓራ ያቆስላል። የውኃ ጥምም ኩላሊትን ይፈትናል። ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪሙን የመድኃኒት ሰዓት አስተካክልልኝ በሉት። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለታመመ ሰው ፈቃድ አላቸው፤ ኡስታዙን ወይም ንስሐ አባታችሁን ጠይቁ። የጾም ምግብ ላይ ምስር፣ ጎመንና ሽሮ ይብዛ፤ ሎሚ ጨምቁበት፣ ብረቱ በደንብ ይወሰዳል።

ቤተሰቤ ሰነፍ ነሽ ይሉኛል። «ትናንት ቡና ላይ ስትስቂ አልነበር?» ይላሉ። ምን ልበል?

ድካም አይታይም። ያበጠ ጣት ይታያል። ስለዚህ ቤተሰብ ክፉ ሆኖ ሳይሆን አላየውም። አንድ ጊዜ ባልን፣ ሚስትን፣ ወይም አማትን ይዛችሁ ወደ ቀጠሮ ሂዱ። «ይህ ድካም ከበሽታው ነው» የሚለውን ከነጭ ጋዋኑ አፍ ሲሰሙት ብዙ ነገር ይለወጣል።

ቤት ውስጥ ደግሞ «ማንም አያግዘኝም» ከማለት የተለየ ሥራ ለይታችሁ ስጡ። «አሕመድ፣ ከዛሬ ጀምሮ ውኃ ያንተ ነው» ይባል። ልጆች ከምናስበው በላይ ይችላሉ። ታማሚው ወንድ ሲሆን ደግሞ ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። «ደከመኝ» ማለት ያሳፍረዋል። እናንተ ጠይቁት።

ኮምቦልቻ ፋብሪካ በሺፍት ነው የምሠራው። ሥራዬን ልተወው?

ከመልቀቅ በፊት ብዙ የሚሞከር አለ። የሚቀያየር የሌሊት ሺፍት እንቅልፍን ስለሚያዛባ ድካሙን ያብሳል። በሐኪም የተጻፈ ማስረጃ ይዛችሁ ቋሚ የቀን ሺፍት ወይም ቁጭ ብሎ የሚሠራ ቦታ ጠይቁ። በቃል ብቻ አትጠይቁ፤ በጽሑፍ አስገቡና ቅጂውን ያዙ።

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለው። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። በሽታው በተነሳባችሁ ጊዜ ዝም ብላችሁ ከመቅረት ይህን ተጠቀሙ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች በሌላ ሕግ ስለሚተዳደሩ የሰው ሀብታቸውን ይጠይቁ።

እብጠቱ ጠፍቷል፣ ምርመራውም ደህና ነው ይሉኛል። ድካሙ ግን አልለቀቀኝም። ለምን?

ይህ ለሐኪምም ከባድ ጥያቄ ነው። ብግነቱ ሲበርድ ድካሙ ይቀንሳል፤ ሁሌ ግን ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። በታመማችሁባቸው ወራት ወይም ዓመታት ጡንቻው ሟሽሿል፣ እንቅልፉ ተዛብቷል፣ ሰውነት መፍራት ለምዷል። እነዚህ በክኒን አይመለሱም። በእንቅስቃሴና በተስተካከለ የመኝታ ሰዓት ቀስ ብለው ይመለሳሉ፤ ወራት ይፈልጋል።

ድባቴም መጠየቅ አለበት። ድሮ ደስ ይላችሁ የነበረው ነገር ሁሉ ከደበዘዘ፣ ሰው ማየት ካስጠላችሁ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነቅታችሁ የምታስቡ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩ። ከዚህ በሽታ ጋር አብሮ የሚመጣ ነው፣ ይታከማል። የእምነት ድክመት አይደለም። ጸበል የሚጠመቅም ዱዓ የሚያስደርግም ሰው መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ያድርግ።

ድካሙ የተለየ ሲሆንብኝ መቼ ነው በፍጥነት መሄድ ያለብኝ?

ትኩሳት ከመጣ፣ በተለይ ሜቶትሬክሴት ወይም ፕሬድኒሶሎን የምትወስዱ ከሆነ፣ በዚያው ቀን ሂዱ። መድኃኒቶቹ ሰውነት ተላላፊ በሽታን የሚቋቋምበትን አቅም ስለሚቀንሱ በቤት ውስጥ «ያልፋል» ብሎ መጠበቅ አያዋጣም። ትንፋሽ ማጠር፣ ደረቅ ሳል፣ የደረት ሕመም፣ የአፍ ውስጥ ቁስል፣ ያለ ምክንያት መበለዝ ወይም መድማት፣ የዓይን ቢጫ መሆንም እንዲሁ።

ለሳምንታት ሳል ካለ፣ ሌሊት ላብ ካጠመቃችሁ፣ ክብደታችሁ ከቀነሰ ደግሞ የቲቢ ምርመራ ጠይቁ። የትኛውም ጤና ጣቢያ ብትገቡ፣ ከሁሉ በፊት የምትወስዱትን መድኃኒት ስም ንገሩ፤ ካርቶኑን ይዛችሁ ብትሄዱ ደግሞ ይመረጣል።